ኳሱን ለሌሎች ተዉላቸው፦ ከኮሌጅ ፉትቦል ልምምድ ዳር የታዘብኩት

የአሜሪካ ፉትቦል የሚጫወት የኮሌጅ ቡድን ልምምዱን ለደጋፊ ክፍት ባደረገበት ቀን ወደ ሜዳ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኳሱን ሲከተል ይውላል። ሞላላዋ ኳስ ወደ ሰማይ ስትወነጨፍ አንገቱን ያቀናል፤ ተቀባዩ ሲቀልባት ያጨበጭባል፤ ስታመልጠው ያጉረመርማል። ቤቱ ገብቶ «እንዴት ነበር?» ሲባል የሚያወራው ስለ ሁለት ሦስት ረጃጅም ውርወራዎች ነው። ለእኔ ይህ ሰው ልምምዱን አላየውም። በግጥሚያ ቀን ኳሱን መከተል ደንብ ነው፤ ነጥብ የሚቆጠረው በእሷ ነውና። በልምምድ ቀን ግን ኳሷ የምትናገረው እውነት ጥቂት ነው፤ የምታታልለው ደግሞ ብዙ።

የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በዚህ ሰፈር ቅዳሜ ጠዋት ቡና ይዞ ስለ አርሰናልና ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ የማይሟገት ሐበሻ ማግኘት ይከብዳል። የአሜሪካ ፉትቦል ሲነሳ ግን የእኔ ዘመን ሰው አብዛኛው «እሱ እንኳ ጨዋታ ሳይሆን መላተም ነው» ብሎ ያልፈዋል። ልጆቻችን ግን አላለፉትም። የእህቴ ልጅ እዚሁ ተወልዶ አድጎ አሁን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቡድን የፊት መስመር ላይ ይጫወታል። እኔ ከእሱም በፊት የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ደጋፊ ነበርኩ፤ ኮሌጅ ፓርክ ከተማ ያለው የቡድኑ ሜዳ ከቤታችን በመኪና ሩቅ አይደለም። ቡድኑ ቴራፒንስ ይባላል፤ መለያው ኤሊ ነው። በግቢው ዋና ቤተ መጻሕፍት ፊት ለፊት ቴስቱዶ የሚባል የኤሊ ሐውልት ቆሟል፤ ተማሪዎች ፈተና ሲደርስ አፍንጫውን እየዳሰሱ፣ ከእግሩ ሥር ምግብና ሳንቲም እያኖሩ ያልፋሉ። የእኛ ሰው መጀመሪያ ሲያይ ስለት ያስገቡ ይመስለዋል፤ ብዙም አልተሳሳተም።

ይህን የምጽፈው ጨዋታውን ገና ላልለመዱ፣ ግን ልጃቸውን ይዘው ወይም ብቻቸውን እንዲህ ያለ ቀን መሄድ ለሚያስቡ ነው። ስለ ሕጉ ለጊዜው የሚበቃችሁ ይህ ነው። በእያንዳንዱ ወገን 11 ሰው ይቆማል። አጥቂው ወገን 10 ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ከምናምን ወደ ፊት ለመሄድ አራት ዕድል አለው፤ ከተሳካለት አራቱ ዕድል ይታደስለታል፣ ካልተሳካለት ኳሱን ያስረክባል። ቀሪውን እያያችሁ ትማሩታላችሁ። እንዲያውም ከግጥሚያ ይልቅ ልምምድ ለጀማሪ ይሻላል እላለሁ፤ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ፣ ደጋግሞ፣ ከፊታችሁ ይሠራልና።

የኮሌጅ ቡድኖች በዓመት ሁለት የልምምድ ወቅት አላቸው። አንዱ የፀደዩ ነው፤ 15 ልምምድ ይፈቀዳል፣ ብዙ ጊዜም በኤፕሪል ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ እርስ በርሱ በሚገጥምበት ቀን ይደመደማል። ሌላው የኦገስቱ ዝግጅት ነው። ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ በሩ ይዘጋል፤ አሰልጣኝ የሚባል ፍጡር ሁሉን ሰው በሰላይነት ይጠረጥራል። ክፍት የሚሆነው ቀን ጥቂት ስለሆነ የቡድኑን ማስታወቂያ በየጊዜው ማየት ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ስታዲየሞች ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቦርሳ ካልሆነ አያስገቡም። ውሃ፣ ኮፍያና የፀሐይ መከላከያ ቅባት አትርሱ። ቆሎ በኪስ ይዞ መግባት የከለከለኝ እስካሁን የለም።

አንድ ነገር አጥብቄ ልምከር፦ የተጫዋቾቹን ስም ዝርዝር ከኢንተርኔት አትማችሁ ያዙ። የኮሌጅ ቡድን እንደ ድሮው አይደለም። ተጫዋቾች በየዓመቱ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ይዘዋወራሉ፤ ባለፈው ዓመት ስሙን ያጠናችሁት ልጅ ዘንድሮ ተጋጣሚያችሁ ቡድን ውስጥ ሊገኝ ይችላል። በዚያ ላይ በኮሌጅ አንድ ቁጥር ለሁለት ሰው ይሰጣል፤ አንዱ አጥቂ ሌላው ተከላካይ ሆነው አብረው ሜዳ እስካልገቡ ድረስ ሕጉ አይከለክልም። ከአጠገቤ የተቀመጡ ሰዎች «ይሄ ልጅ ወዲያም ወዲህም ይጫወታል እንዴ!» ብለው ሲደነቁ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ልጆቹ ሁለት ናቸው።

ቀድሞ መድረስ ግዴታ ነው። ብዙ ሰው የሚመጣው 11 ለ11 የሚገጣጠሙበት ሰዓት ሲቃረብ ነው፤ ያኔ የቀኑ ምርጥ ክፍል አልፏል። ልምምዱ በአጫጭር ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ጥቂት ደቂቃ ይቆይና የጡሩምባ ድምፅ ሲጮህ ሁሉም ሰው ካለበት ተነሥቶ እየሮጠ ወደሚቀጥለው ቦታ ይሄዳል። የሚራመድ የለም። መጀመሪያ ተጫዋቾቹ በየሙያቸው ተከፋፍለው ከየአሰልጣኛቸው ጋር ይሠራሉ፤ ቀጥሎ አንድ ለአንድ፣ ከዚያ ሰባት ለሰባት፣ በመጨረሻ ሙሉው ቡድን። በየሙያው በሚሠራበት ሰዓት ዝቅ ብላችሁ፣ ለሜዳው በቀረበው ረድፍ፣ ከግቡ ወዲህ ባለው ጥግ ተቀመጡ፤ ግዙፎቹ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት እዚያ ነው። ሙሉው ቡድን ሲገጥም ደግሞ ተነሥታችሁ ላይ ውጡ። ከታች ሆኖ 22 ሰው ሲተራመስ ማየት አቧራ ማየት ነው፤ ከላይ ግን ማን የት እንደቆመና ቦታው የት እንደተከፈተ ይገለጣል።

ግዙፎቹ ያልኳችሁ የፊት መስመር አምስቱ ናቸው። መሐል ላይ ያለው ሴንተር ኳሱን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ያቀብላል፤ በግራና በቀኙ ሁለት ሁለት ሰው ይቆማል። ከሴንተሩ በቀር ኳስ አይነኩም፣ ስማቸው አይጠራም፣ ሲሳካላቸው ማንም አያያቸውም። ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባክ ግን ያለ እነሱ ሦስት ሰከንድ አይቆምም። እኔም ዓይኔን ወደ እነሱ ያዞርኩት በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። «ጋሼ፣ ኳሱን ተዉትና የመጀመሪያ እርምጃውን ይዩ» አለኝ አንድ ቀን። አየሁ። አሰልጣኙ ኳስ እንኳ ሳያስይዛቸው ያቺን አንዲት የመጀመሪያ እርምጃ ደጋግሞ ያሠራቸዋል። እግሩ ከሚገባው ጥቂት ጣት ያህል ከራቀ ያስቆመዋል፤ እንደገና። ዳሌው ከፍ ካለ ያስቆመዋል፤ እንደገና። ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ትእዛዝ «ዝቅ በል!» ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ የብረት ማዕቀፍ አለ፤ ከሥሩ ተንበርክከው ይነሡና ጣሪያው ሳይመታቸው እየተራመዱ መውጣት አለባቸው። ሁለት ሜትር ሊሞላ የተቃረበ፣ ከ130 ኪሎ በላይ የሚመዝን ልጅ ጀርባውን ሳያጎብጥ በዚያ ሥር ሲያልፍ ካያችሁ፣ ይህ ጨዋታ መላተም ነው የሚለውን አባባል ትተዉታላችሁ።

ሁለተኛው ነገር እጅ ነው። እጁ ወደ ተቃራኒው ደረት መሐል ከገባ ያሸንፋል፤ ወደ ትከሻው ውጪ ከሄደ ወይ ይሸነፋል ወይ በመያዝ ይቀጣል። ሦስተኛው መናበብ ነው። ሁለት ተከላካዮች ተጠላልፈው ሲመጡ፣ ማለትም የግራው ወደ ቀኝ የቀኙ ወደ ግራ ሲሻገሩ፣ ጎን ለጎን የቆሙት ሁለቱ ልጆች እንደ ጥማድ በሬ አብረው ካልሄዱ አንዱ ተከላካይ በመሐላቸው ያልፋል። ይህ ነገር በንግግር የሚፈታው በሰከንድ ክፍልፋይ ነው። ስለዚህ ጆሯችሁንም ክፈቱ፤ ጥሩ መስመር ያወራል። ሴንተሩ ኳሱን ከመስጠቱ በፊት ጣቱን እየቀሰረ ይጮኻል፣ ሌሎቹ እየተቀባበሉ ይመልሳሉ። በኦገስት መጀመሪያ ዝምታ የበዛበት መስመር ካያችሁ በሴፕቴምበር ኳርተርባኩ በጀርባው እንደሚወድቅ ገምቱ።

አንድ ለአንድ የሚባለው ክፍል ለተመልካች ከሁሉ የበለጠ የሚያስደስት፣ ለፍርድ ግን ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስት ነው። የፊት መስመር ተጫዋች ብቻውን ከአንድ ተከላካይ ጋር ሲገጥም ተከላካዩ ውርወራ መሆኑን አስቀድሞ ያውቃል፣ ሰፊ ቦታ አለው፣ የሚያግዘው ጎረቤት ለሌላው የለውም። ብዙ ጊዜ ተከላካዩ ቢያሸንፍ አያስደንቅም። በሌላው የሜዳው ጫፍ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ኳስ ተቀባዩ ሙሉ ሜዳ ተሰጥቶት አንድ ተከላካይ ብቻውን ሲጠብቀው ሚዛኑ ወደ ተቀባዩ ያደላል። ሕዝቡ ግን በዚህኛው ጫፍ ተከላካዩን፣ በዚያኛው ጫፍ ተቀባዩን ኮከብ አድርጎ ይወጣል። እኔ የምፈልገው ተቃራኒውን ነው። በተፈጥሮው ለእሱ በሚያደላለት ውድድር ደጋግሞ የሚሸነፍ ማን ነው? በሚያደላለት ውድድር ማሸነፍማ ምን ይነግረናል? አንድ ኮርነርባክ፣ ማለትም ኳስ ተቀባዩን የሚጠብቀው ተከላካይ፣ በአንድ ለአንድ ሁለቴ በተከታታይ ተቀባዩን ካስጣለው ቁጥሩን ዝርዝሬ ላይ አሰምርበታለሁ።

ኳርተርባኮቹ የተለየ ቀለም ያለው ማሊያ ይለብሳሉ። ትርጉሙ አይነኩም ማለት ነው፤ ተከላካይ ቢደርስበት እንኳ አልፎት ይሄዳል ወይም በእጁ ዳሰስ አድርጎት ይተወዋል። አሰልጣኙም ጨዋታው እንዲቀጥል ብሎ ብዙ ጊዜ ፊሽካ አይነፋም። እንግዲህ የማታለያው ምንጭ እዚህ ላይ ነው። ሰባ ሺህ ሰው በሚጮህበት ሜዳ መሬት ላይ ተዘርሮ የሚገኝ ልጅ፣ በልምምድ ቀን አምስት ሰከንድ ተረጋግቶ ቆሞ ሃምሳ ያርድ ይወረውራል። ሕዝቡ በጭብጨባ ይነሣል። እኔ ኳሱ ከሴንተሩ እጅ ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ በልቤ እቆጥራለሁ፤ ሦስትን ካለፈ ያ ውርወራ ለእኔ አልተወረወረም። ይህን አንድ ልማድ ብቻ ከያዛችሁ ከጎናችሁ ከተቀመጠው ከግማሹ ሰው የተሻለ ታያላችሁ።

ሰባት ለሰባት የሚባለው ደግሞ የፊት መስመሩ በሙሉ ወጥቶ የሚደረግ ነው፤ ኳርተርባኩን የሚያሳድድ ማንም የለም። እዚያ አጥቂው ወገን ማሸነፍ አለበት። ማሸነፉ አያስፎክርም፤ መሸነፉ ግን ያሳስባል። ውርወራው ከተቀባዩ በራቀ ጊዜ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከመቀመጫ ሆኖ ማወቅ ያስቸግራል፤ ኳርተርባኩ አሳስቶ ይሁን ተቀባዩ መታጠፍ በነበረበት ቦታ ሳይታጠፍ ቀርቶ፣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። መልሱ ከጨዋታው በኋላ ባለው አፍታ ውስጥ አለ። አሰልጣኙ ማንን ጠርቶ ነው የሚያናግረው? ደረቱን በእጁ መታ መታ አድርጎ «የእኔ ነው» የሚለው የትኛው ነው? ስለዚህ ኳሱ መሬት ሲነካ ዓይናችሁን አታንሡ። ብዙ ደጋፊ በዚያች አፍታ ወደ ስልኩ ይመለሳል።

የእግር ኳስ ሰው ሆኖ ላደገ የሚከብደው ነገር ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ልጅ ሳለሁ ልምምድ የምናየው ልባችን የወደደውን ተጫዋች ለማየት ነበር፤ ጎል ከገባ ደስ ይላል፣ አለቀ። እዚህ ግን ሁለቱም ወገን የእናንተ ነው። አጥቂው አብረቀረቀ ማለት ተከላካዩ ተቀደደ ማለት ነው። የትኛው ነው መልካም ዜና? በዝግጅቱ መጀመሪያ ላይ ተከላካዩ ቢበልጥ አትደንግጡ፤ ተከላካዮች የራሳቸውን ቡድን ጨዋታ ከፀደይ ጀምሮ ሲያዩት ከርመዋል፣ ገና ኳሱ ሳይነሣ ምን እንደሚመጣ የሚጮኹ አሉ። አጥቂው ደግሞ የ11 ሰው ሰዓት አጠባበቅ ይፈልጋል፤ የአንዱ መዘግየት ሁሉን ያበላሻል። እንግዲያው የማየው ማን እንዳሸነፈ ሳይሆን እንዴት እንደተሸነፈ ነው። ተጫዋቹ በትክክለኛው ቦታ ቆሞ በጉልበት ከተበለጠ ይህ የሚያድግ ነገር ነው። ከቦታው ጠፍቶ ከተገኘ፣ ኳሱ ሊነሣ ሲል ግራ ተጋብቶ ወደ አሰልጣኙ ከዞረ፣ ይሄ ልጅ ገና የቡድኑን የጨዋታ መጽሐፍ አላጠናም። እንዲህ ያለው በመጀመሪያው ግጥሚያ ሜዳ ሲገባ አታዩትም።

ከአጠገቤ ብዙ ጊዜ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ቀይ ኮፍያ ያደርጋሉ፣ ቡድኑን ከልጅነታቸው ጀምሮ ተከትለዋል። ከእሳቸው የተማርኩት ትልቁ ነገር የሰልፉን ቅደም ተከተል ማየት ነው። «ማን ጥሩ እንደሆነ አትጠይቅ፤ ማን ቀድሞ እንደገባ ጠይቅ» ይላሉ። ሙሉው ቡድን ሲጀምር መጀመሪያ የሚሰለፉት አምስት የፊት መስመር ልጆች እነማን እንደሆኑ፣ ከመሐላቸው ማን ወጥቶ ማን እንደተተካ ጻፉ። ሦስት ቦታ ላይ የሚሞከር ልጅ ካለ አሰልጣኙ ይወደዋል ማለት ነው፤ የሚያስቀምጥበት ብቻ አልተገኘም። ትኩስ ከሁለተኛ ደረጃ የመጣ ልጅ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ሁለት ዙር ከገባ ደግሞ ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው ያደርጋሉ፤ ሰላምታ መሆኑ ነው።

እኚሁ ሰው በእረፍት ሰዓት ወደ ግቢው ውስጥ ጣት ቀስረው የነገሩኝን ሳልጠቅስ አላልፍም። ዛሬ የፉትቦል ቡድኑ ዝናብ ሲሆን የሚለማመድበት ጣሪያ ያለው ሜዳ ድሮ ኮል ፊልድ ሃውስ የተባለ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 በዚያ አዳራሽ በተደረገው የብሔራዊ ሻምፒዮና ፍጻሜ፣ አምስቱም ቋሚ ተሰላፊዎቹ ጥቁር የነበሩት ቴክሳስ ዌስተርን ሁሉም ተጫዋቾቹ ነጭ የነበሩትን ኬንታኪን አሸነፈ። ሕንጻው አሁን በሁለት የቀድሞ ተጫዋቾች ስም ጆንስ ሂል ሃውስ ይባላል። ከሁለቱ አንዱ ዳሪል ሂል እ.ኤ.አ. በ1963 ለሜሪላንድ ሲሰለፍ ዩኒቨርሲቲው ያኔ ይወዳደርበት በነበረው የአትላንቲክ ዳርቻ የስፖርት ማኅበር የመጀመሪያው ጥቁር የፉትቦል ተጫዋች ነበር፤ ሌላው ቢሊ ጆንስ በቅርጫት ኳስ በኩል ተመሳሳዩን በር የከፈተ ነው። ከልምምዱ በኋላ ጊዜ ካላችሁ በሕንጻው ፊት ለፊት እለፉ።

ልዩ ቡድኖች የሚባሉት፣ ማለትም ኳስ በእግር የሚመቱትና የተመታውን ኳስ ይዞ የሚመለሰውን የሚከላከሉት፣ ተራቸው ሲደርስ ሕዝቡ ለሽንት ቤትና ለውሃ ይነሣል። ተቀመጡ። አሰልጣኞቹ የእጅ ሰዓት ይዘው የሚቆሙት ለዚህ ነው። የሦስት ነጥብ ምት ላይ ኳሱ ከመሬት ተነሥቶ እስኪመታ ድረስ የሚፈቀደው 1.3 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ከዚያ ከዘገየ ዘሎ የሚመጣ እጅ ይደርስበታል። ርቆ እንዲወድቅ የሚመታው ኳስ ደግሞ አየር ላይ ከአራት ሰከንድ ተኩል በላይ ከቆየ የሚሮጡት ልጆች ደርሰው ተቀባዩን ይከቡታል። ስልካችሁ ላይ ሰዓት መቁጠሪያ አለ፤ ራሳችሁ ለኩ። ይህን ክፍል የምወደው በሌላም ምክንያት ነው፤ ስኮላርሺፕ ሳይኖራቸው ቡድኑ ውስጥ የሚታገሉ ልጆች መግቢያቸው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው፣ እንዴት እንደሚሮጡ ብታዩ ምክንያቱን አትጠይቁም።

ስልክን ካነሣሁ አይቀር፦ ልምምድ አትቅረጹ። ፎቶ ይፈቀድ እንደሆነ በሩ ላይ ይነግሯችኋል፤ ብዙ ጊዜ ሰውነት ማሟሟቂያውን ይፈቅዳሉ፣ አሰላለፉን ይከለክላሉ። ዳር ላይ ቆመው በእጃቸው ምልክት የሚሰጡት ሰዎች የሚደንሱ ቢመስሉም ምስጢር እያስተላለፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ቡድን የተጋጣሚዎቹን ምልክት ሰው ወደ ሜዳቸው እየላከ አስቀርጿል ተብሎ ምርመራ ተከፍቶበት አገር ምድሩ ተናውጦ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በከፍተኛው የኮሌጅ ደረጃ አሰልጣኝ በራስ ቁር ውስጥ ባለ ሬዲዮ ለአንድ ተጫዋች እንዲናገር ተፈቀደ፤ ሬዲዮው ኳሱን ለማስነሣት ከተሰጠው ጊዜ 15 ሰከንድ ሲቀር፣ ኳሱ ከዚያ ቀድሞ ከተነሣም ያኔውኑ ይዘጋል። ምልክቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልቀረም። ከዳር ቆሞ ስለሚያነክስ ተጫዋችም በማኅበራዊ ሚዲያ አትጻፉ፤ እናቱ ከእናንተ ልትሰማው አይገባም።

አሁን እትዬን፣ ማለትም የዚህን የፊት መስመር ልጅ እናት፣ ያስጨነቃት ነገር ላይ ደረስኩ። የሜሪላንድ ኦገስት ሙቀቱ ከወበቁ ጋር ተደምሮ ከባድ ነው፤ ከጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው እንኳ ይዝላል። ይህ ቡድን ደግሞ በዚህ ነገር የማይረሳ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ሜይ 29 ቀን 2018 ጆርዳን ማክኔር የተባለ የ19 ዓመት የፊት መስመር ተጫዋች በቡድኑ የሩጫ ልምምድ ላይ በሙቀት ተመትቶ ወደቀ፤ ጁን 13 ቀን ሞተ። በኋላ የተደረገው ምርመራ ሰውነቱ በቀዝቃዛ ውሃ እንዳልተነከረ አረጋገጠ፤ ዩኒቨርሲቲውም ኃላፊነቱን በይፋ ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የሜሪላንድ ግዛት በስሙ የተሰየመ የተጫዋቾች ደኅንነት ሕግ አወጣ። ሐኪሞች የሚሉት ቀላል ነው፤ በሙቀት የተመታ ሰው መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይጫናል፤ ያለው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው።

ስለዚህ አሁን ልምምድ ስሄድ ከተጫዋቾቹ በፊት የሜዳውን ዳር እቃኛለሁ። በሦስት እግር ላይ የቆመ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ሙቀቱን፣ ወበቁንና የፀሐዩን ኃይል አንድ ላይ ይለካል፤ በእሱ ንባብ መሠረት ልምምድ ይቀነሳል ወይም ይቆማል። በበረዶ የተሞሉ ገንዳዎች አሉ። ውሃ የያዙ ሰዎች ሳይጠየቁ በየረድፉ ይሮጣሉ። የዝግጅቱ የመጀመሪያ ሁለት ቀናት ተጫዋቾቹ የራስ ቁር ብቻ አድርገው እንጂ የትከሻ መከላከያ ለብሰው አይለማመዱም፤ ሰውነት ሙቀቱን እንዲለምድ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ሙሉ ልምምድ ማድረግ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በኮሌጆች ቀርቷል። በራስ ቁሩ ላይ የሚደረበው ወፍራም ለስላሳ ሽፋንም ይታያችኋል፤ ልጆቹን እንጉዳይ ያስመስላቸዋል ብለው ይስቁበታል። ግጭቱን ያለዝባል፤ የአንጎል መናወጥን ግን ያስቀራል ብሎ የሚምልላችሁ ሰው ካለ አትመኑት።

እትዬን አንድ ቅዳሜ ይዣት ሄድኩ። ኳሱንም፣ የፊት መስመሩንም አላየችም፤ ገንዳዎቹን ነበር የምታየው። ሰኞ ወደ ልጇ ትምህርት ቤት ሄዳ አሰልጣኙን ሦስት ጥያቄ ጠየቀችው። ልምምድ ባለበት ቀን ሁሉ የሕክምና ባለሙያ ሜዳ ላይ ይገኛል ወይ? ልጁ ይቁም ብሎ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው አሰልጣኙ ነው ወይስ ባለሙያው? የቀዝቃዛ ውሃ ገንዳው የት ነው? ልጃቸው የሚጫወት ወላጆች ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ቢጠይቁ ደስ ይለኛል፤ ጥሩ አሰልጣኝ አይቆጣም። ይህኛውም አልተቆጣም። ባለሙያዋ በየቀኑ እንዳለች፣ ቃሉም የእሷ እንደሆነ ነገራት፤ ከዚያ ወስዶ ገንዳውን አሳያት። ባዶ ነበር። «ልምምድ ከመጀመሩ በፊት እንሞላዋለን» አላት። እሷም በማግስቱ ልምምድ ሊጀመር ሲል ተመልሳ ሄደች፤ ተሞልቶ፣ በረዶው ገብቶ አገኘችው። የዓመቱን የፈቃድ ወረቀት የፈረመችው እዚያው ሜዳ ዳር ቆማ ነው።